የአረጋውያንን የደም ግፊት ቤት ውስጥ እንዴት እንለካለን?

ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ የሰባ ዓመት እናት ቀጠሯቸው ሲደርስ ደረጃውን ወርደው፣ ታክሲ ተጋፍተው፣ ካርድ ክፍል ተሰልፈው፣ ትንፋሻቸው ሳይመለስ ክንዳቸው ይታሰራል። የሚወጣው ቁጥር የመንገዱም ጭምር ነው። በእሱ ብቻ ተመሥርቶ መድኃኒት ከተጨመረ፣ ሌሊት ለሽንት ሲነሱ ራሳቸውን አዙሯቸው ሊወድቁ ይችላሉ። ሐኪም ዘንድ የሰባት ቀን የቤት ልኬት ይዞ መቅረብ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ መሣሪያው። ከክርን በላይ የሚታሰረውን አውቶማቲክ ግዙ። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ለመያዝ ቢቀልም፣ እጅ ጥቂት ዝቅ ወይም ከፍ ባለ ቁጥር ንባቡ ስለሚዋዥቅ ለአረጋዊ አይመከርም። ከመግዛታችሁ በፊት በልብስ ሰፊ ሜትር የክንዳቸውን ዙሪያ በትከሻና በክርን መካከል ለኩ። ከ22 እስከ 32 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ መደበኛው ጨርቅ (ክንድ ላይ የሚታሰረው፣ አየር የሚሞላው ክፍል) ይበቃል፤ ከዚያ ከወፈረ ትልቁ ያስፈልጋል። ጠባብ ጨርቅ ግፊቱን ከፍ አድርጎ፣ ቀጭን ክንድ ላይ የሰፋ ደግሞ ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ልኩ ጨርቁ ላይ ተጽፏል፤ ሻጩ ካርቶኑን ብቻ አቅርቦ «ለሁሉም ይሆናል» ቢላችሁ አስከፍታችሁ እዩ። ከገዛችሁ በኋላ አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ከእነሱ መለኪያ ጋር አስተያዩት።

የመሣሪያው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ከተሞላ 7:00 የሚለው የእኛ ጠዋት 1 ሰዓት ነው። በኋላ ከመሣሪያው እየገለበጡ ደብተር ላይ ሲጽፉ ጠዋቱና ከሰዓቱ ይደበላለቃል፤ ስለዚህ እንደለካችሁ ወዲያው ጻፉ።

የሚለካው ጠዋትና ማታ ነው፤ ጠዋት መድኃኒትና ቁርስ ሳይቀድም፣ ማታ ከመኝታ በፊት። ቡና ከጠጡ ከመጨረሻው ስኒ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይለፍ። አስቀድመው ይሽኑ፤ የሞላ ፊኛ ግፊት ይጨምራል።

አቀማመጡ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። በርጩማ ላይ አታስቀምጧቸው፤ ጀርባቸው መደገፊያ ይፈልጋል። የአልጋ ጫፍም፣ ወደ ውስጥ የሚሰምጥ ሶፋም አይሆንም። እግራቸው መሬት ይርገጥ፣ አይጠላለፍ፤ ካልደረሰላቸው ከሥር የሆነ ነገር አኑሩ። ሹራብ የለበሱ እንደሆነ እጅጌውን አትጠቅልሉ፤ ተጠቅልሎ የጠበበ እጅጌ ክንዱን እንደ ገመድ ያንቀዋል። እጃቸውን ከእጅጌው አውጥታችሁ በሌላው ወገን ጋቢ ደርቡላቸው። የጨርቁ የታች ጫፍ ከክርን መታጠፊያ ሁለት ጣት ከፍ ይበል፤ ቱቦው በውስጠኛው ክንድ በኩል ይውረድ። ክንዱ ጠረጴዛ ላይ አርፎ ጨርቁ ከልብ ጋር እኩል ይሁን። ጠረጴዛው አጭር ከሆነ ጋቢ አጥፋችሁ ከሥሩ አድርጉ። ክንዱ ከልብ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢል ንባቡ ወደ 8 ገደማ ይጨምራል።

ከዚያ አምስት ደቂቃ ዝም ማለት። ቴሌቪዥኑ ይጥፋ፤ ጎረቤት ገብቶ «እንዴት አደሩ» ካለም ሰላምታው እስኪያልቅ መለካቱ ይቆያል። በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ለኩ፤ ሁለቱንም ጻፉ። ደስ የሚል ቁጥር እስኪመጣ ደጋግሞ መለካት ወይም 147ን «140» ብሎ ማጠጋጋት ደብተሩን ዋጋ ያሳጣዋል። በመጀመሪያው ቀን ሁለቱንም ክንድ ለኩና ከዚያ በኋላ ከፍ ያለ ያሳየውን ብቻ ተጠቀሙ። መሣሪያው የልብ ምት መዛባት ምልክት ደጋግሞ ካሳየ ይህንንም ጻፉ።

አሁን የሚዘለለው ግን መዘለል የሌለበት፦ የቆመ ልኬት። ጨርቁን ሳትፈቱ አስነሷቸው፤ ወንበሩ ከኋላቸው ይቆይ፣ አንድ ሰው አጠገባቸው ይቁም። በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ለኩ፤ ክንዳቸው ወደታች እንዳይንጠለጠል ከልባቸው ትይዩ ደግፉላቸው። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ፣ ወይም ራሴን አዞረኝ ካሉ፣ ለሐኪሙ መነገር አለበት። ለምሳሌ ተቀምጠው 148/82 የነበረው ቆመው 122/74 ቢሆን የተቀመጡበት ቁጥር «መድኃኒት ይጨመር» ሲል የቆሙበት «ቀስ በሉ» ይላል። ሽንት የሚያበዛ የግፊት መድኃኒት እንደ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ወይም ለፕሮስቴት ታምሱሎሲን የሚወስዱ፣ የቆየ ስኳር ያለባቸው፣ በጾም እስከ 9 ሰዓት ውኃ የማይቀምሱ ላይ ይህ ይበልጥ ይታያል። ቅዳሴ ቆመው የሚያስቀድሱና የሚሰግዱ ከሆነ ሲነሱ ይጠንቀቁ። መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ። እስከ ቀጠሮው ድረስ ከአልጋ ሲነሱ ጫፉ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ጥቂት አንቀሳቅሰው ይቁሙ።

ሰባቱ ቀን ሲያልቅ የመጀመሪያውን ቀን ጣሉና የቀሪዎቹን ስድስት ቀናት የተቀመጡ ልኬቶች ደምራችሁ አካፍሉ። ቤት ውስጥ አማካዩ 135/85 ከደረሰ ወይም ካለፈ ከፍተኛ ይባላል፤ ለእሳቸው የሚበጀውን ግብ የሚወስነው ግን ሐኪማቸው ነው። ቁጥሩ 180/120 ከደረሰ፣ ምንም ሕመም ከሌላቸው አምስት ደቂቃ አሳርፋችሁ ድገሙት፤ ካልወረደ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው። ደረት ላይ ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የፊት መጣመም፣ የአንድ ወገን መዛል ወይም የንግግር መተሳሰር ካለ ቁጥሩን አትጠብቁ፤ 939 ወይም 907 ደውላችሁ አምቡላንስ ጥሩ።

ለቀጠሮው ደብተሩን፣ የጤና መድን ካርዱንና ሪፈሩን፣ እንዲሁም ቤት ያለውን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ለጉልበት ብለው የሚውጡት ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ኩላሊትም ይጎዳል፤ «የግፊት መድኃኒት አይደለም» ብላችሁ አታስቀሩት። የሽፈራው ቅጠል የሚጠጡም ከሆነ ተናገሩ። የደም ምርመራ ካለ «በባዶ ሆድ ኑ» ይባላል፤ አረጋውያን ይህን ሰምተው የጠዋቱን ክኒን ሁሉ ይተዉታል፣ ያን ቀን የሚለካው ግፊትም ከፍ ይላል። የግፊቱ ክኒን አብዛኛውን ጊዜ በውኃ ይዋጣል፤ የስኳሩ መቆየት እንዳለበት ግን ቀጠሮው ሲያዝ ጠይቁ።