የሒሳብ የቃላት ጥያቄ ላይ የሚሳሳት ልጅ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

«48 ለ6 ሲካፈል ስንት ነው?» ሲሉት ሳያስብ 8 የሚል የ7ኛ ክፍል ተማሪ፣ ያንኑ ስሌት በጀልባና በተሳፋሪ ታሪክ ተሸፍኖ ሲያገኘው እስክሪብቶውን እየነከሰ ይቀራል። ቤተሰብ «ሒሳብ አይገባውም» ይላል፤ አስጠኚው ደግሞ ሃያ ጥያቄ ይጨምርበታል። ልጁ ግን ስሌቱን ያውቃል፤ የቸገረው ንባቡ ነው። አፉን የፈታበት ቋንቋ ስለሆነ አማርኛውን ማንም አይጠረጥርም እንጂ፣ መደመሩንና መቀነሱን ብዙ ጊዜ የሚወስኑት ከ፣ በ፣ ለ እና ወደ የሚባሉት ጥቃቅን ቃላት ናቸው። ከታች ያሉት ምሳሌዎች ባሕር ዳርና ጣና ዳር ላሉ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆች እንዲቀርቡ ሆነው የተዘጋጁ ናቸው፤ ዋጋዎቹና አብዛኞቹ መጠኖች ለልምምድ እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው።

መጀመሪያ ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ ለዩ

ልጁ የተሳሳተበትን አንድ ጥያቄ አንሡና ሦስት ነገር አስሞክሩት። አንደኛ፣ መጽሐፉን ከድኖ ታሪኩን ያለ ምንም ቁጥር ይንገራችሁ። «አንድ ሰው ዓሣ ሸጠ፣ ከገንዘቡ ላይ የነዳጅ ከፈለ፣ የተጠየቀው የቀረው ገንዘብ ነው» ካለ አንብቦታል። ሁለተኛ፣ ትልልቆቹን ቁጥሮችና ክፍልፋዮቹን በ2፣ በ6፣ በ10 ተኩለት። በትንሽ ቁጥር ከሠራው ያስፈራው የቁጥሩ መልክ ነው። ሦስተኛ፣ ቃላቱን አውጥታችሁ ስሌቱን ብቻ ስጡት። እዚህ ላይ ከወደቀ የሚያስፈልገው የክፍልፋይ ወይም የአስርዮሽ ልምምድ ስለሆነ የቃላት ጥያቄውን ለጊዜው አቁሙት። የመጀመሪያው ላይ የወደቀ ልጅ ግን ቀጥሎ ያሉት ይመለከቱታል።

ያየውን ቁጥር ሁሉ ይደምራል

«አንድ ዓሣ አስጋሪ 3 መረብ ይዞ ወጥቶ 24 ኪሎ ቆሮሶና 18 ኪሎ አምባዛ ይዞ ተመለሰ። በጠቅላላ ስንት ኪሎ ዓሣ አመጣ?» የልጁ መልስ 45 ነው። ጥያቄው መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ እዚያ ሳይደርስ ስሌት ጀምሯል። ከማስላቱ በፊት የመልሱን ዓረፍተ ነገር ባዶ ቦታ ትቶ ይጻፍ፦ «የመጣው ዓሣ ____ ኪሎ ነው።» ከዚያ ከየቁጥሩ ጎን መለኪያውን ያስቀምጥ፦ 3 መረብ፣ 24 ኪሎ፣ 18 ኪሎ። መረብ ከኪሎ ጋር አይደመርም፤ መልሱ 42 ኪሎ ነው።

«ያንሳል» ሲል ይቀንሳል፣ «ይበልጣል» ሲል ይደምራል

ከሁሉም ስህተቶች ሥር የሰደደው ይህ ነው። «የቆሮሶው ክብደት ከአምባዛው በ6 ኪሎ ያንሳል። ቆሮሶው 15 ኪሎ ከሆነ አምባዛው ስንት ኪሎ ነው?» ልጁ 15 − 6 = 9 ይላል። «ይበልጣል ካለ ደምር፣ ያንሳል ካለ ቀንስ» የሚለው ዘዴ በታችኛው ክፍል ያሳልፋል፣ 7ኛ ክፍል ላይ ግን ይጥላል። ልጁ ይህን ዘዴ ይዞ ከመጣ ቀስ ብሎ እስኪሻሻል አትጠብቁ፤ በግልጽ አስተዉት።

በምትኩ ከስሌቱ በፊት «ማን ይበልጣል?» ብሎ ይጠይቅ። በአማርኛ «ከ» የተጨመረበት ነገር መወዳደሪያው ነው፤ «ከአምባዛው ያንሳል» ከተባለ ትልቁ አምባዛው ነው። ሁለት አግድም መስመር ያስምር፦ ረጅሙ ላይ «አምባዛ»፣ አጭሩ ላይ «ቆሮሶ 15»፣ ረጅሙ በተረፈበት በኩል «6»። መስመሩን ያየ ልጅ 15 + 6 = 21 ለማለት ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም። በ8ኛ ክፍል አጻጻፍ ደግሞ ሀ የአምባዛው ክብደት በኪሎ ቢሆን ሀ − 6 = 15 ነው።

መቀነስ ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። «5 ከአንድ ቁጥር 4 እጥፍ ላይ ሲቀነስ 23 ይሆናል» ሲባል ልጁ ጆሮው በሰማው ቅደም ተከተል 5 − 4ሀ = 23 ብሎ ይጽፋል። «ከ...ላይ» የተባለው ምንጊዜም ከመቀነስ ምልክቱ በስተግራ ይቀመጣል፦ 4ሀ − 5 = 23፣ 4ሀ = 28፣ ሀ = 7።

«ወደ» እና «በ» ደግሞ ዋጋ ላይ ይምታታሉ። የሽንኩርት ዋጋ «ከ60 ወደ 80 ብር ጨመረ» ሲባል ጭማሪው 20 ብር ነው፤ «ከ60 ብር ተነስቶ በ80 ብር ጨመረ» ሲባል ግን አዲሱ ዋጋ 140 ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ጽፋችሁ አሳዩት፤ አንዱን ብቻውን ማስረዳት ልዩነቱን አያሳይም።

«ለ» ማካፈልም ነው፣ ጥምርታም ነው። «ሩዝና ጤፍ በ2 ለ3 ጥምርታ ተደባልቆ 40 ኪሎ ሆነ። ሩዙ ስንት ነው?» ሩዝ በሚመረትበት በፎገራ በኩል የሩዝና የጤፍ ድብልቅ እንጀራ የታወቀ ስለሆነ ልጁ ታሪኩን ያውቀዋል። ሆኖም 40ን ለ2 ያካፍልና 20 ይላል፣ ወይም የ40ን ሁለት ሦስተኛ ይወስዳል። መጀመሪያ ድርሻዎቹን ይቁጠር፦ 2 + 3 = 5። አንድ ድርሻ 40 ÷ 5 = 8 ኪሎ ነው። ሩዙ 16፣ ጤፉ 24፤ ሲደመሩ 40።

ሲሶ፣ እጥፍ እና «ከቀሪው»

ሲሶ አንድ ሦስተኛ መሆኑን የማያውቁ የከተማ ልጆች ብዙ ናቸው። ሩብን ግን ከገበያ ያውቁታል። «ገበሬው ከ120 ኪሎ ሽንኩርት ሲሶውን ሸጠ፣ ከቀሪው ሩቡን ለዘመድ ሰጠ። ስንት ተረፈው?» የተለመደው ስህተት 120 − 40 − 30 = 50 ነው፤ ሩቡ ከ120 ተወስዷል። «ከቀሪው» የሚለውን ቃል ያክብብና ቀሪውን አስልቶ እዚያው ላይ ይጻፍበት፦ 80። ሩቡ 20 ነው፤ የተረፈው 60 ኪሎ።

«እጥፍ» እኩልነት ሲጻፍ ይገለበጣል። «ወደቡ ላይ የታንኳዎቹ ቁጥር የጀልባዎቹን 5 እጥፍ ነው» ሲባል ጎበዝ ተማሪም 5ታ = ጀ ብሎ ይጽፋል፤ ታን «ታንኳ» ብሎ ያነበዋልና። ፊደሉ የዕቃ ስም ሳይሆን የቁጥር ምትክ ነው። ስለዚህ «ታ = የታንኳዎች ብዛት» ብሎ በሙሉ ይጻፍ፣ ከዚያ ጀልባው 2 ቢሆን ታንኳው ስንት ይሆናል ብሎ ይሞክር። 10 ነው፤ 5 × 10 = 2 ግን ሐሰት ነው። ትክክለኛው ታ = 5ጀ ነው።

«በ3 እጥፍ ይበልጣል» የሚለውን አንዳንዱ ሦስት እጥፍ፣ አንዳንዱ አራት እጥፍ አድርጎ ይረዳዋል። ጥያቄ የምታዘጋጁ ከሆነ ተዉት፤ «3 እጥፉ ነው» በሉ።

ሰዓት ሲመጣ ይጠፋዋል

«ጀልባዋ ከባሕር ዳር ጠዋት 2፡45 ተነስታ 12 ኪሎ ሜትር ተጉዛ 3፡30 ላይ ደረሰች። ፍጥነቷ በሰዓት ስንት ነው?» ልጁ 3.30 − 2.45 = 0.85 ይላል፤ ሰዓት በ60 እንጂ በ100 እንደማይከፈል ረስቷል። ከመቀነስ ይልቅ በሙሉው ሰዓት በኩል ይሻገር፦ ከ2፡45 እስከ 3፡00 15 ደቂቃ፣ ከ3፡00 እስከ 3፡30 30 ደቂቃ፣ ድምሩ 45 ደቂቃ። 45 ÷ 60 = 0.75 ሰዓት። 12 ÷ 0.75 = 16 ኪሎ ሜትር በሰዓት።

ሌላው ችግር ቃሉ ራሱ ነው። «በ3 ሰዓት ደረሰ» ማለት ሦስት ሰዓት ሲሆን ነው ወይስ ሦስት ሰዓት ፈጅቶበት? «ጠዋት»፣ «ከቀኑ»፣ «ላይ» ካለ ቅጽበት ነው፤ «ውስጥ»፣ «ፈጀ»፣ «ያህል» ካለ ቆይታ ነው። ፍጥነት ውስጥ የሚገባው ቆይታ ብቻ ነው። በእኛ አቆጣጠር ቁጥሩ እንደገና ከ1 የሚጀምረው ቀትር ላይ ሳይሆን ከ12 ሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ ከረፋዱ 5፡20 እስከ ከቀኑ 7፡05 ያለው በቀጥታ ይቆጠራል፦ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ። ከቀኑ 11፡30 እስከ ምሽት 1፡10 ሲሆን ግን በ12 በኩል ማለፍ ያስፈልጋል፦ 30 + 70 = 100 ደቂቃ። ስልኩ በፈረንጅ ሰዓት የተሞላ ልጅ እዚህ ላይ ስለሚደናገር፣ ጥያቄው በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አስቀድሞ ይለይ።

አማካይ ፍጥነትን በሁለት ያካፍላል

ከባሕር ዳር ጎንደር በመኪና 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። «መኪናው ሲሄድ በሰዓት 60፣ ሲመለስ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ነዳ። የደርሶ መልሱ አማካይ ፍጥነት ስንት ነው?» ሁሉም ማለት ይቻላል 52.5 ይላሉ። ትክክል የሚሆነው መኪናው በሁለቱም ፍጥነት እኩል ሰዓት ቢነዳ ነበር። እኩል የሆነው ግን ርቀቱ ነው፤ በዝግታ ሲነዳ መንገድ ላይ ብዙ ይቆያል፣ ስለዚህ አማካዩ ወደ 45 ይሳባል።

ሦስት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ ይሥራ፦ ርቀት፣ ፍጥነት፣ ጊዜ። መሄጃ 180፣ 60፣ 3 ሰዓት። መመለሻ 180፣ 45፣ 4 ሰዓት። ርቀቱ ሲደመር 360፣ ጊዜው ሲደመር 7። 360 ÷ 7 = 51.4 ገደማ። የፍጥነት ዓምድ መቼም እንደማይደመር በቀይ ይጻፍበት።

ሰው ሲበዛ ቀኑም ይበዛበታል

«6 ሰዎች አንድን የእምቦጭ ክምር በ10 ቀን ያጸዳሉ። 15 ሰዎችስ?» ልጁ 25 ቀን ይላል። ምክንያቱ ርቱዕ ወደርን፣ ማለትም አንዱ ሲጨምር ሌላውም በዚያው ልክ የሚጨምርበትን፣ ብቻ መልመዱ ነው። ከስሌቱ በፊት «ሰው ሲበዛ ቀኑ ____» የሚለውን ይሙላ። «ያንሳል» ካለ ሥራውን በሰው ቀን ይለካ፦ 6 × 10 = 60፣ 60 ÷ 15 = 4 ቀን።

ሁለት የመስኖ ሞተሮች ሲሆኑም ይኸው ነው። አንዱ ማሳውን በ6 ሰዓት፣ ሌላው በ3 ሰዓት ያጠጣል፤ አብረው ቢሠሩስ? 9 ወይም 4.5 የሚል መልስ ወዲያው ይጣል፤ ፈጣኑ ብቻውን 3 ሰዓት የሚፈጅበትን ሥራ ረዳት ሲመጣለት ከዚያ በላይ ሊቆይ አይችልም። በአንድ ሰዓት የሚሠሩት አንድ ስድስተኛና አንድ ሦስተኛ፣ ማለትም ግማሽ ነው። መልሱ 2 ሰዓት።

በመቶኛ ላይ «የማን?» አይልም

«15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ጨምሮ ደረሰኙ 1,380 ብር ይላል። የዕቃው ዋጋ ከታክስ በፊት ስንት ነበር?» ልጁ የ1,380ን 15 በመቶ፣ 207 ብር፣ ቀንሶ 1,173 ይላል። ታክሱ የተሰላው ግን ከመጀመሪያው ዋጋ ላይ ነው። 100 በመቶ የሆነው የቱ እንደሆነ ይጻፍ፦ ዋጋው 100፣ ታክሱ 15፣ ደረሰኙ 115። 1,380 ÷ 1.15 = 1,200 ብር። ለማጣራት የ1,200 15 በመቶ 180 ነው፤ ሲደመር 1,380።

«ስፋት» እና መለኪያ

በመጽሐፍ ስፋት ማለት በካሬ የሚለካው ነው፤ በቤት ግን ወርድንም ስፋት እንላለን። ባሕር ዳር ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት፣ 43 ሜትር ወርድ አለው። «ስፋቱ 43 ሜትር» ከተባለ ወርዱ ነው፤ «ካሬ ሜትር» ካለ 380 × 43 = 16,340 ነው። የሚለየው ቃሉ ሳይሆን መለኪያው ነው።

በዚያው ድልድይ ላይ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባጃጅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመሻገር ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል? 380 ÷ 36 ያለ ልጅ ሜትርን በኪሎ ሜትር አካፍሏል። 36,000 ሜትር ÷ 3,600 ሰከንድ = 10 ሜትር በሰከንድ፤ መልሱ 38 ሰከንድ።

«4.17 ጀልባ»

50 ተማሪዎች ወደ ዘጌ ይሄዳሉ፣ አንድ ጀልባ 12 ሰው ይይዛል፣ ስንት ጀልባ ያስፈልጋል? 50 ÷ 12 ብሎ 4.17 የጻፈ ልጅ ስሌቱን አልሳተም። 4 ብሎ ወደ ታች ካጠጋጋው «በ4 ጀልባ የሚሳፈሩት 48 ናቸው፤ ሁለቱ ልጆች ወደቡ ላይ ይቅሩ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ 5 የሚለውን ራሱ ያመጣዋል። በ50 ብር የ12 ብር እስክሪብቶ ስንት ይገዛል ሲባል ግን መልሱ 4 ነው፤ በቀረችው 2 ብር አምስተኛ እስክሪብቶ አይገዛም።