ለሰፈር ጽዳት የመንግሥት በጀት ስንጠይቅ የምንሠራቸው ስህተቶች

ለጥቂት ዓመታት በአዲስ አበባ የአንድ ሰፈር ልማት ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርኩ። ሥራው ደብዳቤ መጻፍ፣ ደብዳቤ ማድረስና መልስ ለመጠየቅ መመላለስ ነው። ከዚያ ሁሉ መመላለስ አንድ ነገር ገብቶኛል። ብዙ ሰፈር ከነቆሻሻው የሚከርመው ገንዘብ ስለጠፋ ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡ በየትኛው ወርና በየትኛው በር እንደሚወጣ ነዋሪው ስለማያውቅም ነው። ከዚህ በታች ከዘረዘርኳቸው ስህተቶች አብዛኞቹን እኛው ራሳችን ሠርተናቸዋል።

ክረምት ሲገባ መጠየቅ

የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። ይህን የማያውቅ የለም፤ አውቆ በጊዜው የሚንቀሳቀስ ግን ጥቂት ነው። የእኛ ኮሚቴ የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፈው ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ የቦዩ ውኃ ሞልቶ የአንዲት እናት ጓዳ ከገባ በኋላ ነበር። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ማለት ይኸው ነው። ያነጋገረን ባለሙያ በትሕትና አዳምጦን የዘንድሮው በጀት መጽደቁን ነገረን። ባለሙያው አልዋሸንም፤ የዘገየነው እኛ ነን።

የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ የሚጠነሰሰው በበጋ ነው። የበጀት ጥሪ የሚተላለፈው የካቲት ግድም ሲሆን፣ መሥሪያ ቤቶች ፍላጎታቸውን የሚያቀርቡት ከዚያ በሚከተሉት ሳምንታት ነው፤ ምክር ቤት የሚያጸድቀው ደግሞ ዓመቱ ሊለወጥ ሲል ነው። ስለዚህ የጎርፍ ቦይ ጥያቄ መቅረብ ያለበት ቦዩ ደርቆ አቧራ በሚቦንበት በጥር ነው። በጥር ስለ ጎርፍ የሚያወራ ሰው ትንሽ ሞኝ መምሰሉ አይቀርም። ይምሰል።

ሌላው መታወቅ ያለበት ወር ሰኔ ነው። ያልተሠራበት ገንዘብ ዓመቱ ሲዘጋ ተመላሽ ስለሚሆን በየመሥሪያ ቤቱ ሩጫ ይበዛል። ሥራውን ለክቶ፣ ዋጋውን አጥንቶ የተቀመጠ ሰፈር ካለ ግንቦት ላይ ብቅ ማለት ያዋጣዋል። በጥድፊያ የተገዛ ዕቃ ግን የጥድፊያ ዕቃ ነው፤ በአንድ ሰኔ ከመጡልን አካፋዎች ግማሾቹ እጀታ አልነበራቸውም።

ሁሉንም ወረዳው ላይ መጣል

ወረዳ ቅርብ ስለሆነ ሁሉ ነገር የእርሱ ይመስለናል። ነገር ግን ወረዳ እጅ ከሚገባው በጀት ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ደመወዝ ነው። ከዚያ የሚተርፈው ለትልቅ ሥራ አይበቃም፤ ለትልቁ ሥራ የሚመደበው ገንዘብ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

የእኛን ቦይ እንመልከት። ከላይ የፕላስቲክ ጠርሙስና ፌስታል ሞልቶበታል፤ ይህ የጽዳት አስተዳደሩ ሥራ ነው። ቦዩ ራሱ ተሰብሯል፣ ክዳኑም ተወስዷል፤ የዝናብ ውኃ መውረጃ ደግሞ የከተማው መንገዶች ባለሥልጣን ጉዳይ ነው። ከአንድ ግቢ የመጸዳጃ ፍሳሽ ተቀጥሎበታል፤ እርሱ የውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ነው። በዓይን የሚታየው አንድ ቦይ ሲሆን በወረቀት ግን ሦስት ነው። እኛ ሦስቱንም አንድ ደብዳቤ ላይ አጭቀን ስለጻፍን ሦስት ወር ሙሉ አንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላኛው እየመራ አንከራተተን። በኋላ ሦስት የተለያዩ ደብዳቤዎች ጽፈን፣ እያንዳንዱን ለቀሩት ሁለት መሥሪያ ቤቶች ግልባጭ አደረግን። ያን ጊዜ ነው ነገሩ መንቀሳቀስ የጀመረው።

የመደበኛና የካፒታል በጀት ልዩነትም እዚህ ላይ ይገባል። መጥረጊያ፣ ጓንት፣ ነዳጅና የጠራጊ ክፍያ ከመደበኛ በጀት ይወጣሉ፤ አዲስ ቦይ መገንባት ወይም ድንጋይ ማንጠፍ ካፒታል ነው። ሁለቱን ቀላቅሎ የሚጠይቅ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ያጣል።

የሚከፍሉትን አለማወቅ

በአዲስ አበባ የደረቅ ቆሻሻ አገልግሎት ክፍያ ከውኃ ሒሳብ ጋር ተያይዞ ሲሰበሰብ ረጅም ዓመታት አልፈዋል። ሆኖም በስብሰባ ላይ «እኛ ለቆሻሻ ከፍለን አናውቅም» የሚል ሰው ሁልጊዜ ይነሳል። የሚከፍለውን የማያውቅ ሰው አገልግሎት ሲጠይቅ ውለታ የሚለምን ይመስለዋል፤ አነጋገሩም ይለሳለሳል። ደረሰኙን ይዞ የሚሄድ ሰው ድምፅ ግን የተለየ ነው።

በየበሩ ማዳበሪያ ተሸክመው የሚሰበስቡት የጽዳት ማኅበራት አባላት የሚከፈላቸው ባስረከቡት የቆሻሻ መጠን ነው። ማዳበሪያው ሲከብድ ክፍያው ይጨምራል። እንግዲህ ሰፊ መንገድ ዳር ያሉ ሆቴሎችና ሕንጻዎች ቶሎ ቢነሳላቸው፣ ጋሪ የማይገባበት ጠባብ መንደር ቢረሳ ምን ይገርማል? ልጆቹን መስደብ ቀላል ነው፤ እኔም ሰድቤ አውቃለሁ፤ ዛሬ አፍርበታለሁ። መጠየቅ ያለበት ሳምንታዊው የማንሻ መርሐ ግብር በጽሑፍ እንዲሰጥና ሩቅ መንደሮች በስም እንዲካተቱበት ነው።

መረጃ ስትጠይቁም የሚያስፈራራችሁ ካለ አትደንግጡ። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። የዓመቱ በጀት በወረዳ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍም ቆሞ የሚያነበው ሰው ብርቅ ነው። አንብቡት፤ በስልክም ፎቶ አንሱት፤ ወረቀት ይቀደዳል።

የዘመቻው ቆሻሻ ወዴት ይሂድ?

የአንድ ቀን ዘመቻ ደስ ይላል። እሑድ ጠዋት ወጣቱ ይወጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ቦዩ ይጠረጋል። ከዚያ የወጣው ደለል መንገድ ዳር ይከመርና መኪና ይጠበቃል። መኪናው ካልመጣ የማክሰኞው ዝናብ ክምሩን ወደነበረበት ቦይ ይመልሰዋል። ይህ በእኛ ላይ ሁለት ጊዜ ደርሷል። ሁለተኛው በጣም ያሳፍራል፤ የመጀመሪያውን አይተን ነበርና። የመኪናው ቀን በደብዳቤ ሳይረጋገጥ የዘመቻ ቀን አይቆረጥ።

ከሰፈር የወጣ ቆሻሻ ደግሞ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ሌላ ሰፈር ሄደ ማለት ነው። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ለአምስት አሥርት ዓመታት ሲቆለልበት በኖረው በረጲ፣ ሰው ሁሉ ቆሼ በሚለው ቦታ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ብዙዎቹ እዚያው ሥር ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ነበሩ። የዘመቻ በጀት ስንጠይቅ ፕላስቲኩን ለይቶ ለሚሸጥ ማኅበርና የአትክልት ቅጠሉን ወደ ማዳበሪያ ለመለወጥ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ አብረን የምንጠይቀው ለዚህ ነው። ወጪው ከመኪና ምልልስ ያነሰ ነው።

ያለ ደረሰኝ ማዋጣት

መንግሥት ግማሹን ሲሸፍን ነዋሪው ግማሹን እንዲያዋጣ የሚጠየቅበት ጊዜ አለ። መዋጮ ችግር የለውም። ችግሩ ብሩ በአንድ ሰው ኪስ ሲገባ ነው። እኔ የማውቀው አንድ ኮሚቴ ለድንጋይ ንጣፍ ገንዘብ ሰብስቦ ሒሳቡን በደብተር ጀርባ ጽፎ ያዘ። ማንም አልሰረቀም ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን ደብተሩ ጠፋ። ከዚያ በኋላ በዚያ መንደር ለማንኛውም ጉዳይ አሥር ብር የሚያወጣ ሰው አልተገኘም። እድራችን ይህን ከድሮ ያውቀዋል፦ ገንዘብ ያዥና ጸሐፊ የተለያዩ ሰዎች ናቸው፣ ገንዘብ ከባንክ የሚወጣው በጣምራ ፊርማ ነው። ለልማትም ከዚህ የተለየ ጥበብ አያስፈልግም።

ተክሎ መሄድ

የቆሻሻ ቅርጫት ተተክሎ ባዶ የሚያደርገው ሰው ካልተመደበ፣ ቅርጫቱ ራሱ ቆሻሻ ይሆናል። የሕዝብ መጸዳጃም እንዲሁ ነው። የማስተዳደሪያው ወጪ ያልተጻፈበትን ጥያቄ አታቅርቡ።

ማመልከቻን እንደ ልመና መጻፍ

የመጀመሪያው ደብዳቤያችን «ለችግራችን አስቸኳይ መፍትሔ ይሰጠን ዘንድ በትሕትና እንጠይቃለን» ብቻ የሚል ነበር። ስንት ሜትር? ስንት ቤት? የት ጋ? ምንም የለም። በጀት የሚያዘጋጅ ባለሙያ ትሕትናን በብር መተመን አይችልም። ሁለተኛውን ዓመት በሜትር ለካን፤ ጎርፍ የሚገባባቸውን ቤቶች ቆጠርን፤ በክረምት የተነሱ ፎቶዎችን አያያዝን፤ ከሦስት ቦታ የዋጋ ማቅረቢያ ወሰድን፤ ነዋሪው የፈረመበትን ቃለ ጉባኤ ጨመርን። አንድ ገጽ ደብዳቤ፣ አምስት ገጽ አባሪ።

ደብዳቤውን ለኃላፊው ጸሐፊ እጅ በእጅ ሰጥቶ መመለስም ስህተት ነው። መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይውጣለት፤ በእናንተ ቅጂ ላይም ማኅተም ይመታበት። የእኛው ቅጂ እስካሁን ቤቴ አለ፤ ጥር 14 ቀን ገቢ ተደርጓል፤ ከጎኑ የአንድ ሰው የቡና ስኒ ምልክት ክብ ሆኖ ቀርቷል።