በነዳጅና በጋዝ ጉድጓድ አሸዋን መቆጣጠር፦ ከናሙና እስከ ጠጠር ሙሌት

ድፍድፍ ነዳጅና የተፈጥሮ ጋዝ ከሚገኝባቸው የከርሰ ምድር ንብርብሮች ብዙዎቹ የአሸዋ ድንጋዮች ናቸው። ከእነዚህም በጂኦሎጂ አቆጣጠር ወጣት የሚባሉት፣ ለምሳሌ በናይጄሪያ የኒጀር ዴልታ የአግባዳ ንብርብር እና በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሥር ያሉት፣ ቅንጣቶቻቸው በሚገባ ስላልተጣበቁ ፈሳሹ ወደ ጉድጓዱ ሲጓዝ አሸዋውንም ጠርጎ ይዞት ይመጣል። የመጣው አሸዋ የቫልቭን ገላ ይቦረቡራል፣ የቧንቧን መታጠፊያ ይበሳል፣ ዘይት፣ ጋዝና ውኃ በሚለዩበት ጋን ውስጥ ይከማቻል፣ ፍሰቱ ሲዳከም ደግሞ ወደ ታች ተመልሶ ጉድጓዱን ይደፍነዋል። በጋዝ ጉድጓድ ላይ ነገሩ የባሰ ነው፤ ጋዝ ፈጣንና ቀጭን በመሆኑ የአሸዋው ቅንጣት ከብረቱ ጋር ሲጋጭ ኃይሉን የሚያበርድለት ወፍራም ፈሳሽ የለም።

ይህ መመሪያ የሚያተኩረው ኬሲንግ (ግድግዳውን የሚይዝ የብረት ቧንቧ) በገባለትና በሲሚንቶ በታሰረ ጉድጓድ ውስጥ በሚሠራ የጠጠር ሙሌት ላይ ነው፤ ይህም ወንፊት የሆነ ቧንቧ ወደ ጉድጓዱ አስገብቶ ዙሪያውን አሸዋውን በሚያስቀር ጠጠር መሙላት ነው። በአገራችን የውኃ ጉድጓድ ቁፋሮ የሠሩ ባለሙያዎች ግራቭል ፓክ የሚሉትን ሥራ ያውቁታል፤ መሠረተ ሐሳቡም አንድ ነው። ልዩነቱ በነዳጅ ጉድጓድ ሥራው የሚከናወነው ብዙ ጊዜ ከሺህ ሜትር በላይ በሆነ ጥልቀትና በከፍተኛ ግፊት ውስጥ በመሆኑ፣ የተበላሸውን ነቅሎ እንደገና መሥራት እጅግ ውድ መሆኑ ነው።

አሸዋው ለምን እንደመጣ መለየት

አሸዋ የሚለቀቀው በዋነኛነት በሦስት ምክንያቶች ነው። አንደኛው፣ በጉድጓዱና በንብርብሩ መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ሲበዛ የፈሳሹ ጉተታ ከቅንጣቶቹ መያያዣ ጥንካሬ መብለጡ ነው። ሁለተኛው የውኃ መምጣት ነው፤ በደካማ አሸዋ ውስጥ ቅንጣቶቹን ከሚያያይዙት ኃይሎች አንዱ በመካከላቸው የቀረው ጥቂት ውኃ የሚፈጥረው የገጽ ውጥረት በመሆኑ፣ ተንቀሳቃሽ ውኃ ሲደርስ ይህ ውጥረት ይጠፋል፣ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ማጣበቂያ ማዕድንም ሊላላ ይችላል። ሦስተኛው፣ ንብርብሩ ለዓመታት ሲመረትበት የውስጥ ግፊቱ ስለሚወርድ ቀድሞ ፈሳሹ ይጋራው የነበረው ከላይ ያለው የድንጋይ ክብደት በቅንጣቶቹ ላይ ማረፉ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መሣሪያ ማዘዝ ሳይሆን ጉድጓዱን በደረጃ መፈተን ነው። የቾኩ፣ ማለትም ፍሰቱን የሚገድበው መክፈቻ፣ ክፍተት በጥቂት በጥቂቱ እየሰፋ፣ በእያንዳንዱ ደረጃ ፍሰቱ እስኪረጋ ተጠብቆ የአሸዋው መጠን፣ የውኃው ድርሻና የታችኛው ግፊት ይመዘገባል። አሸዋው ከአንድ የፍሰት መጠን በላይ ብቻ የሚታይ ከሆነ ፍሰቱን ከዚያ በታች መያዝ ከሁሉም ርካሹ ዘዴ ነው። ሆኖም ይህን እንደ ዘላቂ መፍትሔ መቁጠር አይገባም፤ ግፊቱ ሲወርድና ውኃው ሲጨምር ያ ወሰን ራሱ ዝቅ እያለ ስለሚሄድ፣ ዛሬ ያለ አሸዋ የሚፈስ ጉድጓድ ከዓመታት በኋላ በዚያው ፍሰት አሸዋ ሊያወጣ ይችላል።

ናሙናው

የጠጠር ሙሌት ስኬት ከሁሉም በላይ የሚወሰነው በናሙናው ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የጠጠሩ መጠን የሚሰላው ከንብርብሩ አሸዋ መጠን በመሆኑ፣ ናሙናው ከተሳሳተ ከዚያ በኋላ ያለው ስሌት ሁሉ በትክክል የተሠራ ስሕተት ይሆናል።

ተመራጩ በቁፋሮ ጊዜ የወጣ ሙሉ የኮር ናሙና፣ ማለትም እንደ በትር ተቆርጦ የወጣ ድንጋይ፣ ነው። እርሱ ካልተገኘ ከጉድጓዱ ግድግዳ በትንሽ በትንሹ የሚወሰድ የጎን ናሙና ያገለግላል፤ ነገር ግን በፍንዳታ ኃይል ወደ ግድግዳው በሚተኮስ መሣሪያ የተወሰደ ከሆነ ቅንጣቶቹ ሊሰባበሩና የቁፋሮ ጭቃ ሊቀላቀልበት እንደሚችል መታሰብ አለበት። ከጉድጓዱ በታች የተጠራቀመ አሸዋም ሆነ ከፈሳሹ ጋር ወደ ላይ የወጣ አሸዋ ግን አስተማማኝ አይደለም። ፍሰቱ ራሱ ቅንጣቶቹን ስለሚለይ ሸካራው ከታች ይቀራል፣ ደቃቁ ወደ ላይ ይወጣል። ከታች በተዛቀ አሸዋ የተሰላ ጠጠር ከሚገባው በላይ ትልቅ ስለሚሆን አሸዋውን ያሳልፋል፤ ወደ ላይ በወጣው አሸዋ የተሰላው ደግሞ ከሚገባው በላይ ደቃቅ ስለሚሆን ፍሰቱን ያንቃል።

ናሙና ከአንድ ቦታ ብቻ መውሰድ አይበቃም። በአንድ የምርት ንብርብር ውስጥ የቅንጣት መጠን ከላይ እስከ ታች በእጅጉ ሊለያይ ስለሚችል፣ በየሜትሩ ወይም የድንጋዩ መልክ በተለወጠ ቁጥር መውሰድ ይመከራል፤ ስሌቱም ለምርት ከሚከፈተው ክፍል ውስጥ በጣም ደቃቅ የሆነውን አሸዋ መሠረት ማድረግ አለበት። በቤተ ሙከራ ናሙናው በማሟሚያ ፈሳሽ ከዘይት ይጸዳል፣ ይደርቃል፣ ቅንጣቶቹ ሳይደቁሱ በጥንቃቄ ይለያያሉ፣ ከዚያም በተደራረቡ ወንፊቶች ይነፋል። በጨረር የሚለካ መሣሪያ መጠቀምም ይቻላል፤ ይሁን እንጂ መሣሪያው ከወንፊት ይልቅ ደቃቁን አጉልቶ የሚያሳይ በመሆኑ በሁለቱ ዘዴዎች የተገኙ ቁጥሮችን ቀላቅሎ ማነጻጸር ያሳስታል።

ከውጤቱ ሦስት ነገሮች ይፈለጋሉ። የመጀመሪያው መካከለኛው መጠን፣ ማለትም ከክብደቱ ግማሹ ከእርሱ የሚበልጥበትና ግማሹ የሚያንስበት የቅንጣት መጠን ነው። ሁለተኛው የወጥነት መለኪያ ነው፤ ከክብደቱ 40 በመቶው የሚበልጠው መጠን 90 በመቶው ለሚበልጠው መጠን ሲካፈል ውጤቱ ከ3 ካነሰ አሸዋው ወጥ፣ ከ5 ከበለጠ በጣም የተደባለቀ ይባላል። ሦስተኛው ከ44 ማይክሮን በታች የሆነው ደቃቅ ድርሻ ነው፤ ይህ ሲበዛ የወንፊቱን ቧንቧ ያለ ጠጠር ወደ ጉድጓዱ ማስገባት አደገኛ ይሆናል።

ጠጠሩንና ወንፊቱን መምረጥ

ዛሬም ድረስ መነሻ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ1974 ተመራማሪው ሶሲየር ያሳተመው የሙከራ ውጤት ነው፤ በእርሱ መሠረት የጠጠሩ መካከለኛ መጠን ከአሸዋው መካከለኛ መጠን ከ5 እስከ 6 እጥፍ መሆን አለበት። ከዚህ ሲበልጥ መጀመሪያ የሚመጣው ችግር የአሸዋው ማለፍ አይደለም። አሸዋው ወደ ጠጠሩ ውስጥ ገብቶ እዚያው ይቀራል፣ ፍሰት የማሳለፍ ችሎታውንም ይቀንሳል፤ እጥፉ ከ13 ወይም ከ14 በላይ ሲሆን ደግሞ አሸዋው ጠጠሩን አቋርጦ ያልፋል። በዚህ መካከለኛ ክልል ውስጥ የወደቀ ጉድጓድ አሸዋ ስለማያወጣ የተሳካ ይመስላል፤ ምርቱ ግን ያለ ግልጽ ምክንያት ሲቀንስ ይኖራል። እኔ ይህን ከግልጽ ውድቀት የባሰ እቆጥረዋለሁ፤ ምክንያቱም የሚመረምረው ሰው የለም።

ለምሳሌ የአሸዋው መካከለኛ መጠን 0.11 ሚሊሜትር ቢሆን፣ በ5 ሲባዛ 0.55፣ በ6 ሲባዛ 0.66 ሚሊሜትር ይሰጣል። በገበያ ከሚገኙት የጠጠር ዓይነቶች 20/40 የሚባለው ከ0.425 እስከ 0.85 ሚሊሜትር ያለው ሲሆን መካከለኛው 0.63 ገደማ ስለሆነ ተስማሚ ነው። አሸዋው 0.06 ሚሊሜትር ቢሆን ኖሮ ከ0.25 እስከ 0.425 ሚሊሜትር ያለው 40/60 ይመረጥ ነበር። ጠጠሩ ክብ፣ ንጹሕና በግፊት የማይደቅ መሆን አለበት፤ በማጓጓዝና በማፍሰስ ጊዜ ስለሚፈጭም ከፋብሪካ የመጣውን ወረቀት አምኖ ከመቀበል ይልቅ ቦታው ላይ ናሙና ወስዶ እንደገና መንፋት ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

የወንፊቱ ሥራ ጠጠሩን መያዝ ነው፤ አሸዋውን የሚይዘው ጠጠሩ ነው። ስለዚህ የወንፊቱ ክፍተት ከትንሹ ጠጠር መጠን ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ይደረጋል፤ ለ20/40 ጠጠር 0.3 ሚሊሜትር የተለመደ ነው። በወንፊቱና በኬሲንጉ መካከል በየጎኑ ቢያንስ 2 ሴንቲሜትር ገደማ ክፍተት ሊኖር ይገባል። የኬሲንጉ የውስጥ ስፋት 220፣ የወንፊቱ የውጭ ስፋት 152 ሚሊሜትር ከሆነ በየጎኑ 34 ሚሊሜትር ይገኛል፤ 20 ሜትር ርዝመት ለመሙላትም 0.4 ሜትር ኩብ ገደማ ጠጠር ያስፈልጋል። በዚህ ላይ ፈሳሹ እንዲገባ በኬሲንጉ ላይ የሚበሱትን ቀዳዳዎችና ከኬሲንጉ ውጭ ያለውን ባዶ የሚሞላው ይጨመራል።

ቀዳዳዎቹና ሙሌቱ

ኬሲንጉን በፈንጂ ሲበሱ ቀዳዳዎቹ ሰፊና ብዙ መሆን አለባቸው፤ በሜትር 40 ገደማ፣ እያንዳንዳቸውም ወደ 20 ሚሊሜትር የሚጠጉ ቢሆኑ ይመረጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ፈሳሹ ሁሉ በእነዚህ ጠባብ መተላለፊያዎች ማለፍ አለበት። መተላለፊያው የማሳለፍ አቅሙ 1 ዳርሲ በሆነ የንብርብሩ አሸዋ ቢሞላ፣ አቅሙ 100 ዳርሲ በሆነ ጠጠር ከተሞላበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር በዚያች አጭር ርቀት የሚባክነው ግፊት መቶ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ጠጠሩ ከመፍሰሱ በፊት ቀዳዳዎቹ በፈሳሽ እጥበት ወይም ከንብርብሩ ወደ ጉድጓዱ በሚደረግ ፈጣን ፍሰት መጽዳት፣ በሥራው ላይ የሚውለው የጨው ውኃም በደንብ መጣራት አለበት።

ወንፊቱ ከተበሳው ክፍል ከላይም ከታችም አንድ ሜትር ተኩል ገደማ እንዲያልፍ ተደርጎ ይቀመጣል፤ ከበላዩም ጠጠሩ ሲረጋ የሚወርድለት ተጨማሪ ክምችት እንዲኖር፣ ብዙ ጊዜ ከ18 ሜትር የማያንስ ደፍን ቧንቧ ይደረጋል። ፓከሩ፣ ማለትም በቧንቧውና በኬሲንጉ መካከል ያለውን ክፍተት የሚዘጋው መሣሪያ፣ ከተያዘና ከተፈተነ በኋላ ጠጠሩ በፈሳሽ ተወስዶ ይወርዳል። ተራ የጨው ውኃ ጠጠሩን ጥቅጥቅ አድርጎ ይከምራል፣ ነገር ግን በጥቂቱ ብቻ ይሸከማል፣ ወደ ንብርብሩም ይሰርጋል፤ ወፍራም ፈሳሽ ብዙ ይሸከማል፣ ነገር ግን በትክክል ካልቀጠነ ራሱ ንብርብሩን ይደፍናል፣ ባዶ ኪስም ሊተው ይችላል። ላይ የሚነበበው ግፊት በድንገት ከፍ ሲል ጠጠሩ ወንፊቱን እንደሸፈነ ያመለክታል፤ ግፊቱ ከተሰላው ጠጠር እጅግ ባነሰ መጠን ከፍ ካለ ግን ጠጠሩ መካከል ላይ ተደፍኖ ከታች ባዶ ቦታ ቀርቷል ማለት ነው። በቧንቧው የቀረው ትርፍ ጠጠር በተገላቢጦሽ ፍሰት ይወጣል፣ የገባውም መጠን ከተሰላው ጋር ይመሳከራል።

ስለ ሌሎቹ አማራጮች

ወንፊት ያለ ጠጠር ማስገባት ለወጥና ሸካራ አሸዋ፣ በተለይም ኬሲንግ በሌለው አግድም ጉድጓድ፣ ጥሩ ነው። ቅንጣቶቹን በሬዚን ማጣበቅ ለጥቂት ሜትሮች ክፍል ይሆናል፤ ሸክላ ከበዛበት ግን አይዝም። የጠጠር ሙሌትን ከንብርብር መሰንጠቅ ጋር ማጣመር ከሁሉም የላቀ ምርት ሊሰጥ ይችላል፤ ሆኖም ውኃ ያለበት ንብርብር አጠገብ ከሆነ ስንጥቁ ወደዚያ ሊዘልቅ ይችላል። በኦጋዴን የካሉብና የሂላላ ጋዝ የሚገኝባቸው የአሸዋ ድንጋዮች ከኒጀር ዴልታው እጅግ የቆዩ በመሆናቸው፣ ለዚያ የተዘጋጀ አሠራር እንዳለ ተቀድቶ ሊመጣ አይገባም፤ አስቀድሞ የድንጋዩ ጥንካሬ መለካት አለበት።

ማስጀመርና መከታተል

አዲስ የተሞላ ጉድጓድ በአንድ ጊዜ አይከፈትም። ቾኩ በቀናት ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ እየሰፋ፣ ጠጠሩ እስኪረጋና ደቃቁ ቀስ ብሎ እስኪደላደል ይጠበቃል። ድምፅ የሚለካው የአሸዋ መጠቆሚያ ከቧንቧው መታጠፊያ ቀጥሎ ቢገጠም የቅንጣቶቹን ግጭት በግልጽ ይይዛል፤ ከመለያ ጋኑ የሚወሰድ ናሙናም በየጊዜው መመርመር አለበት። አሸዋ ከታየ ቾኩ ወዲያው ይጠብባል፣ የወጣውም በአጉሊ መነጽር ይታያል። የንብርብሩ ደቃቅ ብቻ ከሆነና እየቀነሰ ከሄደ በዝግታ መቀጠል ይቻላል፤ ክቡ የሙሌት ጠጠር ከታየበት ግን ወንፊቱ ተበስቷል ማለት ስለሆነ፣ ጉድጓዱ ተዘግቶ የጥገና ዕቅድ እስኪወጣለት ድረስ መከፈት የለበትም።