ልጆች ሲጋራ እንዳይጀምሩ ስንል የምንሠራቸው ስህተቶች

«ልጄ ገና ነው፤ አሁን ባነሳበት ጭራሽ አስታውሰዋለሁ።» ሕፃናትና ታዳጊዎች በሚታከሙበት ክፍል ውስጥ ነርስ ነኝ፤ ከወላጆች አፍ ከምሰማው ሁሉ የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። በየቀኑ ከሚያጨሱ አዋቂዎች አብዛኞቹ የጀመሩት 18 ዓመት ሳይሞላቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የአሜሪካ መንግሥት የጤና ሪፖርት ከ10ሩ 9 ያህሉ እንደዚያ መሆናቸውን ጽፏል። ስለዚህ «15 ሲሞላው እነግረዋለሁ» ያለ ወላጅ ጓደኛ ቀድሞት ይገኛል። ስምንት ዘጠኝ ዓመት ላይ ጀምሩ። ልጁን አስቀምጣችሁ ንግግር አታድርጉ። መንገድ ላይ የሚያጨስ ሰው አይቶ ሲጠይቃችሁ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፤ ሌላ ቀን ደግሞ ሌላ ሁለት።

ሁለተኛው ስህተት በካንሰር ማስፈራራት ነው። ውሸት ስለሆነ አይደለም። ለ13 ዓመት ልጅ 50 ዓመት የሚባል ዕድሜ ራሱ የማይደርስ ነገር ስለሆነ ነው። በአንዱ ጆሮው ገብቶ በሌላው ይወጣል። ዛሬ የሚያገኘውን ንገሩት፦ ኳስ ሲጫወት ትንፋሽ ያጥረዋል፣ አፉ ይሸታል፣ ጥርሱ ይበልዛል፣ የኪስ ገንዘቡ ያልቃል። ከሁሉም በላይ ግን ለሲጋራ ስለ መታዘዝ ንገሩት። አንድ ጊዜ ሲስበው ሱስ የሚያስይዘው ኒኮቲን አንጎሉ ጋ ለመድረስ ሰከንዶች ይበቁታል። የሰው አንጎል ደግሞ እስከ 25 ዓመት ገደማ እያደገ ነው፤ ለሱስ ይበልጥ የተጋለጠው በዚህ ጊዜ ነው። በየቀኑ ማጨስ ሳይጀምሩ የሱስ ምልክት የሚታይባቸው ልጆች አሉ። ጎረምሳ የሚያዘው ሰው አይወድም። «ይሄ ነገር ከእንቅልፍህ ቀስቅሶ ያዝሃል» ስትሉት ጆሮውን ይሰጣችኋል።

አሁን ደግሞ ወደ እኛ ወደ ባለሙያዎቹ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። አንድ የ14 ዓመት ልጅ አስም ተነሥቶበት በአጭር ጊዜ ውስጥ ደጋግሞ መጣ። እናቱ አጠገቡ ተቀምጣለች። ሐኪሙ ዓይኑን ከካርዱ ሳያነሣ «አታጨስም አይደል?» አለው። ልጁ እናቱን አየ፣ ከዚያ «አላጨስም» አለ። ተጻፈ፣ ተዘጋ። እናትየው መድኃኒት ልትቀበል ስትወጣ «ከጓደኞችህ የሚያጨስ አለ?» አልኩት። የሹራቡን እጅጌ እስከ ጣቶቹ ድረስ ጎተተና «አሉ» አለ። ቆየት ብሎ «እኔም ሞክሬያለሁ» አለኝ። አስሙን ሊቀሰቅስ የሚችለው ነገር እዚያው ክፍል ውስጥ ሳይጠየቅ ተቀምጦ ሳለ ስንት ጊዜ መድኃኒት ብቻ ሰጥተን ሸኘነው!

እባካችሁ፣ «አታጨስም አይደል?» ጥያቄ አይደለም፤ መልሱን ለልጁ አጉርሶ መላክ ነው። እናት ፊት ሲሆን ደግሞ ልጁን አስገድዶ ማስዋሸት ነው። ወላጅን በትህትና ለጥቂት ደቂቃ ውጭ አስጠብቁ። የሚነግራችሁ ነገር በእናንተ መካከል እንደሚቀር፣ ሕይወቱን አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ካለ ግን ዝም እንደማትሉ አስቀድማችሁ ንገሩት። መጀመሪያ ስለ ጓደኞቹ ጠይቁ፤ ስለ ራሱ ማውራት የሚቀለው ከዚያ በኋላ ነው። አላጨስም ካለም አመስግናችሁ አጭር ምክር ስጡት። እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካ የመከላከል አገልግሎቶች ግብረ ኃይል (በሽታን ስለ መከላከል ምክር የሚያወጣ የባለሙያዎች ቡድን) ለሐኪሞች የመከረው ይህንኑ ነው፤ ገና ላልጀመሩ ልጆች ትምህርት ወይም አጭር ምክር እንዲሰጡ። ወላጁንም «ቤት ውስጥ የሚያጨስ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። አለ ከተባለ ለእሱም የማቆሚያ እርዳታ አመቻቹ፤ ያኔ ልጁንም አከማችሁት ማለት ነው።

የሚያጨሱ ወላጆች ብዙ ጊዜ «እኔ በምን አፌ?» ብለው ይተዉታል። እኔ ግን እላለሁ፣ እናንተ የምታውቁትን ማንም አያውቀውም። አንድ አባት ለልጁ ስንት ጊዜ አቁሞ እንደተመለሰ፣ ሌሊት ተነሥቶ እንዴት ሲጋራ ፍለጋ ቤቱን እንደሚያስስ ሲነግረው ሰምቻለሁ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ አዳመጠው፤ የእኔን ምክር እንደዚያ አላዳመጠም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ማቆም ነው። ወላጁ የሚያጨስ ልጅ የመጀመር ዕድሉ ይጨምራል፣ ወላጁ ሲያቆም ደግሞ ይቀንሳል። እስክታቆሙ ድረስ ቤትና መኪና ውስጥ ጨርሶ አይጨስ፤ መስኮት መክፈት አይበቃም። ልጅን ሲጋራና ክብሪት አምጣ ብሎ መላክም ይቅር።

«ሺሻ እኮ ነው፣ ውሃው ያጣራዋል።» አያጣራውም። አንድ ሰዓት ሺሻ የሳበ ሰው ከአንድ ሲጋራ እጅግ የበለጠ ጭስ ያስገባል። በፍራፍሬ ጣዕም የሚመጣው ቬፕም (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) አብዛኛው ኒኮቲን አለው።

ሲጋራ ኪሱ ውስጥ ሲገኝ መደብደብና ከቤት ማባረር ደግሞ የሚያስተምረው የተሻለ መደበቂያ መፈለግ ብቻ ነው። መቆጣታችሁ አይቀርም፤ ቁጣው ሲበርድ ጠይቁት። ማን ሰጠህ? የት ነበራችሁ? ያኔ ምን ተሰማህ? ቀጥሎ አብራችሁ ተለማመዱ፦ «እንካ ቢሉህ ምን ትላለህ?» «እምቢ በል» ብሎ ማዘዝ ቀላል ነው፤ አምስት ጓደኛ ከቦት ቆሞ እምቢ የሚልበት ቃል ግን ከቤት ይዞ መውጣት አለበት። ብዙ ልጆች የሚሸሹበት ሰበብ ይፈልጋሉ፤ እናንተን ሰበብ እንዲያደርጉ ፍቀዱላቸው። አንዲት ልጅ አባቷ ፊት «‹አባቴ ማታ ማታ ልብሴን ያሸታል› ብል ይሻለኛል» አለች። አባትየው አሽትቶ አያውቅም። «በይ፣ ከዛሬ ጀምሮ አሸታለሁ» አላት።