ለጌም ቤት የሚበረክት ግራፊክስ ካርድ ሲመርጡ

ኮምፒውተሮቹ ከጠዋት እስከ ማታ ለማያርፉበት የኢንተርኔት ጌም ቤት ግራፊክስ ካርድ ሲገዙ፣ ከፍጥነቱ አስቀድመው የሚወስደውን የኤሌክትሪክ ኃይል ይመልከቱ፤ ምክንያቱም ካርዱ የሚወስደው ኃይል በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ሙቀት ይለወጣል፣ ሙቀት ደግሞ የካርዱን ዕድሜ ያሳጥራል። ለምሳሌ ባለ 6 ጊጋባይት ሜሞሪ የሆነው የኤንቪዲያ አር ቲ ኤክስ 3050 የሚፈልገው 70 ዋት ያህል ብቻ ሲሆን፣ ካርዱ የሚሰካበት የማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) መሰኪያ እስከ 75 ዋት መስጠት ስለሚችል ብዙውን ጊዜ ተጨማሪ የኃይል ገመድ ሳያስፈልገው ይሠራል። በዚሁ ስም የሚሸጠው ባለ 8 ጊጋባይቱ ግን 130 ዋት ስለሚወስድ ስሙን ብቻ አይቶ መግዛት ያሳስታል።

በእንዲህ ዓይነት ቤት አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚበላሸው የካርዱ ዋና ቺፕ ሳይሆን ማራገቢያው ነው። ስለዚህ ማራገቢያው ቶሎ በማያልቅ የኳስ ኩሽኔታ (ቦል ቤሪንግ) የሚሽከረከር፣ ቢቻል ሁለት ማራገቢያ ያለው ካርድ ይምረጡ። የኳስ ኩሽኔታ ትንሽ ድምፅ ቢኖረውም፣ ጆሮ ማዳመጫ ያደረገ ተጫዋች ልብ የሚለው አይመስለኝም። ለሁሉም ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት ሞዴል መግዛትም ይመከራል፤ አንዱ ሲበላሽ ማራገቢያውን ለሌላው መለዋወጫ ማድረግ ይቻላልና።

ለክሪፕቶ ማይኒንግ (ኮምፒውተርን ያለማቋረጥ በማሠራት ዲጂታል ገንዘብ ለማግኘት) ያገለገለ ካርድ በርካሽ ቢቀርብልዎ፣ ማራገቢያውና የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባቱ መቀየር ሊኖርባቸው ስለሚችል ያንን ወጪ በዋጋው ላይ ደምረው ያስቡ። ስክሪኑ 60 ኸርዝ ከሆነ፣ ማለትም በሰከንድ 60 ምስል ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ደግሞ ጨዋታው በሰከንድ ከ60 ምስል እንዳያልፍ መገደብ ካርዱን ከከንቱ ድካም ያሳርፈዋል።