ሚኒ ሚዲያን የመሪዎች ማፍሪያ አድርጎ ስለ ማደራጀት

ጎጃም ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያ ክበብ ተጠሪ መምህር ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ ተማሪን ለኃላፊነት የሚያበቃው ማይክሮፎን መያዙ ሳይሆን፣ በማይክሮፎኑ ለሚነገረው ቃል ተጠያቂ መሆኑ ነው። ክበቡን አዲስ የምታቋቁሙም ሆናችሁ የተዳከመውን የምታነቃቁ መምህራን አደረጃጀቱን ከዚህ አንጻር እንድታዩት እመክራለሁ።

አባላት ሲመለመሉ ማስታወቂያው «ጥሩ ድምፅ ያላችሁ» ብሎ አይጀምር። እንዲህ ከተባለ የሚመዘገቡት ድሮም ሰው ፊት ለመቆም የማይቸገሩት ብቻ ናቸው። ከገጠር ቀበሌ መጥተው ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው የሚማሩት፣ ክፍል ውስጥ እጃቸውን ለማውጣት የሚያፍሩት፣ በተለይም ሴቶቹ፣ በስም ተጠርተው ካልተጋበዙ አይመጡም። የስብሰባው ቀንም ይታሰብበት፤ ዓርብ ከሰዓት ከሆነ ስንቅ ለማምጣት ወደ ቤተሰቦቻቸው የሚሄዱት ሁሉ ይቀራሉ።

ቀጥሎ ሥራውን በዘጋቢ፣ በአዘጋጅ፣ በአራሚ፣ በአቅራቢና በድምፅ ባለሙያ ከፋፍላችሁ በየወሩ አፈራርቁ። ከሁሉም ትልቁን ቦታ ለአራሚው ስጡት። የ11ኛ ክፍል ተማሪ የ9ኛ ክፍሉን ጽሑፍ ሲያርም ሳያስከፋ መናገርን ይለማመዳል፤ ጽሑፉ የታረመበትም ስሕተቱ ሲነገረው ሳይቀየም መቀበልን ይማራል። ይህ ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም፤ በቅኔ ጉባኤ ቤቶቻችን በትምህርቱ የገፋው ተማሪ አስነጋሪ ሆኖ ጀማሪውን ሲያግዝ ኖሯል። መምህሩ እርማቱ ካለቀ በኋላ ይመልከተው እንጂ በመካከል አይግባ።

ዜናን በሚመለከት አንድ የማይጣስ ደንብ ይኑራችሁ፦ ከአንድ ሰው ብቻ የተሰማ ነገር አይነበብም። ይህን ደንብ ያወጣነው ከጥፋታችን ተምረን ነው። በአንድ ወቅት የክበባችን ዘጋቢ በረንዳ ላይ የሰማውን ይዞ የአጋማሽ ፈተናው ለሌላ ቀን ተላልፏል የሚል ዜና አመጣ፤ ተነበበም፤ በማግሥቱ አንዳንድ ተማሪዎች ከፈተናው ቀሩ። የሳምንቱ አዘጋጅ የ10ኛ ክፍል ልጅ ነበረች። እርማቱን እኔ ላንብብላት ብዬ ብጠይቃት «አይሆንም፣ ያሳለፍሁት እኔ ነኝ» አለችኝ። ከሰንደቅ ዓላማው ሥነ ሥርዓት በኋላ ወጥታ ምን ብለን እንደ ነበር፣ የቱ ላይ እንደ ተሳሳትን፣ ትክክሉ ምን እንደ ሆነ በአራት ዐረፍተ ነገር ተናግራ ይቅርታ ጠየቀች። ወረቀቱን የያዘው እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ድምፇ ግን አልተሰበረም። ከዚያ ቀን በኋላ ዜና ይዞ የመጣውን ሁሉ «ከማን ሰማህ? ሌላስ ማንን ጠየቅህ?» ሳትለው አታሳልፍም ነበር። ስለዚህ ስሕተት ሲፈጠር እርማቱን መምህር አያንብበው፤ ርእሰ መምህሩም ልጆቹን ከመቅጣት ይልቅ ለእርማቱ ጊዜ እንዲሰጣቸው አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ለንባብ ልምምዱ ቢያንስ የአንድ ቀን ጊዜ ይሰጥ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ «አለ» እና «ገና» የሚሉትን የመሰሉ ቃላት ያልተዘጋጀ አንባቢን ያሳስታሉ፤ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ በእርሳስ ነጥብ ማድረግ ይበቃል። ማይክሮፎኑ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ፤ ትንሽም ወደ ጎን ይዘንበል፤ አለዚያ «ጰ» እና «ፐ» በድምፅ ማጉያው ይፈነዳሉ። ለዕቃ ብዙ አትጨነቁ፤ መብራት ለሚጠፋበት ቀን አንድ በባትሪ የሚሠራ ሜጋፎን ካለ ሥራው አይቋረጥም።

የተማሪ የግል ችግር ግን ለማስተማሪያ ተብሎም ቢሆን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይነበብ። ስሙ ባይጠራ እንኳ በአንድ ግቢ የሚውሉ ልጆች ማን እንደ ሆነ ያውቁታል።

የ12ኛ ክፍል አባላት ለአገር አቀፍ ፈተና መዘጋጀት ስላለባቸው ርክክቡ ከሚያዝያ አይለፍ። ተሰናባቹ ሁሉ የሠራውን፣ የተሳሳተውንና ያልጨረሰውን በክበቡ መዝገብ ላይ በራሱ እጅ ይጻፍ፤ የሚተካውም ያንን አንብቦ ጥያቄውን ከጠየቀ በኋላ የክፍሉን ቁልፍ ይረከብ።