ብስኩት ከመጋገራችሁ በፊት ዕቃው ላይ ያለውን አንብቡ

ፒያሳ ካለ ሱቅ ረከስ ያለ ማርጋሪን ገዝቼ ብስኩት ጋገርኩ። ትሪው ላይ እንደ ቂጣ ተንጣለለ። ጥፋቱ የእኔው ነው፤ ዕቃው ላይ የተጻፈውን አላነበብኩም።

የገበታ ቅቤ 80 በመቶ ገደማው ስብ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ውኃ። ዳቦ ላይ የሚቀባው ለስላሳ ማርጋሪን ግን ብዙ ጊዜ ስቡ ያንሳል፣ ውኃው ይበዛል። ለብስኩት አይሆንም። የሚረጋው የአትክልት ዘይት ደግሞ ከሞላ ጎደል ስብ ብቻ ነው። ስለዚህ በ100 ግራም ቅቤ ፈንታ 80 ግራም የሚረጋ ዘይትና አንድ የሾርባ ማንኪያ ወተት ይበቃል። የቅቤ ጣዕም ግን አትጠብቁ። ንጥር ቅቤም ውኃው ስለወጣ ሒሳቡ ያው ነው፤ ኮረሪማና በሶብላ ከገባበት ግን ለኬክ እንዳታስቡት! በገበታ ቅቤ ስትጋግሩ ደግሞ ቅቤው በጣት ሲጫኑት ሰርጎድ ይበል እንጂ አይቅለጥ።